የማወቅ ጉጉትና ጽናት፦ ለእንግሊዝኛ ጀማሪ ልጆች እንዴት ይነገሩ?

ጥያቄ (የቋንቋ መምህርት)

ሰላም ለሁላችሁም። ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 13 ዓመት ለሆኑ ልጆች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በምንጠቀምባቸው መጻሕፍት ውስጥ ስለ ታላላቅ ሰዎች ስኬት የሚያወሱ አጫጭር ምንባቦች ይገኛሉ፤ የሁሉም መልእክት ደግሞ ያው ነው፦ የማወቅ ጉጉት ያለውና ተስፋ የማይቆርጥ ሰው ካሰበበት ይደርሳል። ልጆቹ ምንባቦቹን በደስታ ያነባሉ፤ ጽናት ምን እንደሆነ ሲጠየቁም አሳምረው ይመልሳሉ። ይሁን እንጂ በማግሥቱ ከበድ ያለ አንቀጽ ሲገጥማቸው ከሁለተኛው መስመር ሳያልፉ መጽሐፉን ይከድኑታል። ጉጉትና ጽናት ወደ ውጤት የሚያደርሱበትን መንገድ ልጆቹ በሚገባቸው ቀላል እንግሊዝኛ ማሳየት የሚቻለው እንዴት ነው? ትምህርቱስ ከሁለቱ በየትኛው ቢጀምር ይሻላል?

መልስ 1 (ጡረተኛ መምህር)

ውድ እህቴ፣ ችግሩ ከልጆቹ ይልቅ ከምንባቦቹ አጻጻፍ የሚመነጭ ይመስለኛል። ለልጆች የሚዘጋጁ የሕይወት ታሪኮች መነሻውንና መድረሻውን ይነግሩና መካከሉን «ጠንክሮ ሠራ፤ በመጨረሻም ተሳካለት» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይዘሉታል። ልጁ ሊማርበት የሚገባው ግን ያ የተዘለለው ክፍል ነው።

እንግሊዛዊውን ሳይንቲስት ማይክል ፋራዴይን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1791 ከአንጥረኛ ቤተሰብ የተወለደው ይህ ሰው በትምህርት ቤት የቀሰመው ከማንበብ፣ ከመጻፍና ከመጠነኛ ስሌት ብዙም አያልፍም። በ14 ዓመቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ለ7 ዓመት የሙያ ልምምድ ገባ፤ በዚያም ለጥረዛ የሚመጡትን መጻሕፍት ያነብ፣ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈውንም አቅሙ በፈቀደለት መሣሪያ እየሞከረ እውነትነቱን በገዛ እጁ ያረጋግጥ ነበር። በ1812 የኬሚስትሪው ሊቅ ሃምፍሪ ዴቪ የሰጣቸውን ትምህርታዊ ንግግሮች ተከታትሎ የጻፈውን ማስታወሻ 300 ገጽ ያህል አድርጎ ጠርዞ ለራሱ ለዴቪ ላከለት፤ በቀጣዩ ዓመትም ዴቪ በሚሠራበት ሮያል ኢንስቲትዩሽን በተባለው የለንደን የሳይንስ ተቋም ረዳት ሆኖ ተቀጠረ።

ምንባቦች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማሉ፤ ለእኔ ግን ቁም ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በ1820 ኤርስቴድ የተባለው የዴንማርክ ሳይንቲስት ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያዞር አሳየ። ፋራዴይ ጥያቄውን ገለበጠው፦ ኤሌክትሪክ የማግኔት ኃይል ከፈጠረ፣ ማግኔትስ ኤሌክትሪክ ሊፈጥር አይችልምን? በ1820ዎቹ ዓመታት ይህንኑ በተደጋጋሚ ሞክሮ ምንም አላገኘም። መልሱ የተገኘው በ1831 ሲሆን፣ ምሥጢሩም ማግኔቱ ከሽቦው አጠገብ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ምንም አለመከሰቱ፣ ሲንቀሳቀስ ግን ኤሌክትሪክ መፍሰሱ ነው። በመካከል ያለፉትን ዓመታት ጥያቄው ባይሸከማቸው ኖሮ፣ ብርታት ብቻውን የሚያዘልቀው አይመስለኝም። ስለዚህ ትምህርቱ ከጉጉት ይጀምር እላለሁ፤ «ተስፋ አትቁረጡ» የሚለው ምክር የሚጠቅመው ልጁ መልሱን የሚፈልግለት ጥያቄ በእጁ ሲኖር ነው።

መልስ 2 (የንባብ አሰልጣኝ)

ከላይ በተሰጠው ሐሳብ በአብዛኛው እስማማለሁ፤ የጉጉት ድርሻ ግን ትንሽ ገዝፎ ታይቶኛል። ጉጉት ብቻውን ሲተው ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ይዘላል፤ በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆችን ያስተማረ ሁሉ ይህንን ያውቀዋል። ፋራዴይም ቢሆን ጉጉት ብቻ አልነበረም ያለው፤ ሙከራዎቹን፣ ያልተሳኩትን ጭምር፣ በማስታወሻው ላይ እየመዘገበ የሚያስቀምጥ ሥርዓተኛ ሰው ነበር።

በሌላ በኩል ሁለተኛው መስመር ላይ መጽሐፉን የሚከድነውን ልጅ ጽናት የለውም ብሎ ለመደምደም አንቸኩል። የቃላት ትምህርት ተመራማሪዎች እንደሚሉት አንድ አንባቢ ጽሑፍን ያለ ረዳት በደንብ ለመረዳት ከ100 ቃላት ወደ 98 የሚሆኑትን አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። በየመስመሩ ሦስት አራት እንግዳ ቃል ከገጠመው ችግሩ የጽሑፉ ክብደት እንጂ የልጁ ባሕርይ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ንባብ አዋቂም አይጨርሰውም።

ጽናትን በተመለከተ ደግሞ ለቋንቋ ተማሪ ትርጉሙ ረጅም ሰዓት መቀመጥ አይደለም። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ በራሱ ላይ ባደረገውና በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ የተጠና ነገር መጀመሪያ ላይ በፍጥነት፣ ኋላ ግን እየቀዘቀዘ እንደሚረሳ፣ በተለያዩ ቀናት ተከፋፍሎ የሚደረግ ክለሳም በአንድ ጊዜ ከሚደረግ ብዙ ድግግሞሽ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ልጆቹ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ያለፉትን ቃላት ቢከልሱ ጽናቱን ያለ ስብከት ይለማመዱታል።

መልስ 3 (በሁለተኛ ቋንቋ የተማርኩ)

ለቋንቋ ተማሪዎች ሕይወት ይበልጥ ቅርብ የሆነው የሳይንቲስቷ የማሪ ኪዩሪ ታሪክ ነው ባይ ነኝ። ኪዩሪ በ1891፣ በ24 ዓመቷ፣ ከዋርሶ ወደ ፓሪስ ስትሄድ ትምህርቱ የሚሰጠው በፈረንሳይኛ ነበር፤ የቋንቋ ችሎታዋ ደግሞ ንግግሮቹን ለመከታተል እንደማይበቃት ብዙም ሳትቆይ ተረዳች። ሆኖም በ1893 የፊዚክስ ዲግሪዋን በአንደኝነት፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ የሒሳቡን በሁለተኝነት አጠናቀቀች። ልጆች ታላላቆቹን ሰዎች ሁሉ ቋንቋ እንደ ውኃ የሚፈስላቸው አድርገው ስለሚያስቡ ይህ ክፍል ቢነገራቸው መልካም ነው።

የእርሷም ሥራ የተነሣው ከአንድ ግልጽ ጥያቄ ነው፦ ፒችብሌንድ የተባለው ማዕድን በውስጡ ካለው ዩራኒየም ከሚጠበቀው በላይ ጨረር የሚያወጣው ለምንድን ነው? ከባለቤቷ ከፒየር ጋር በ1898 ፖሎኒየምና ራዲየም የተባሉ ሁለት አዳዲስ ንጥረ ነገሮችን ማግኘታቸውን አስታወቁ፤ ይሁንና የራዲየም ውሕድ የሆነ አንድ አሥረኛ ግራም ብቻ ከቶኖች ማዕድን አጣርታ ለመለየት እስከ 1902 መሥራት ነበረባት።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የምንባቦቹን ክብደት እንደ ምክንያት አልቆጠርኩትም ነበር። አንድ ነገር ልጨምር፦ ልጆቹ ጥያቄ ቢኖራቸውም በእንግሊዝኛ መጠየቅ ስለሚቸግራቸው ዝም ይላሉ። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲጠይቁ ልፍቀድላቸው?

መልስ 1 (ጡረተኛ መምህር)

ይፍቀዱላቸው እንጂ! በቋንቋ ድህነት ምክንያት የታፈነ ጥያቄ ከነጉጉቱ ይጠፋል። በቋንቋቸው የጠየቁትን ሰሌዳ ላይ በአጭር እንግሊዝኛ ይጻፉላቸውና ጠያቂው ራሱ ጮክ ብሎ ያንብበው። የሕይወት ታሪክ ያለፈ ጊዜ ግስ ስለሚበዛበት፣ የሚወጡት ጥያቄዎች ይህንኑ የሰዋስው ክፍል ያለማምዷቸዋል።

ምንባቡን ራስዎ ቢጽፉት ደግሞ ይበልጥ ይቀናል። ሰውየው ማግኔት ወሰደ፤ ሽቦ ጠቀለለ፤ ማግኔቱን ሽቦው አጠገብ አስቀመጠ፤ ምንም አልሆነም፤ እንደገና ሞከረ፤ አሁንም ምንም አልሆነም። እነዚህን ለመጻፍ ሠላሳ የማይሞሉ ቀላል ቃላት ይበቃሉ። ጽሑፉን እዚያው ያቁሙትና ፋራዴይ ቀጥሎ ምን ሊለውጥ እንደሚችል እያንዳንዱ ልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገምት። የ1831ን ውጤት ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ያቆዩት፤ ማግኔትና የተጠቀለለ ሽቦ ከኤሌክትሪክ መለኪያ ጋር ካገኙም ልጆቹ ግምታቸውን ራሳቸው ይሞክሩት።