የተጋጨ መኪና፦ የቱን ራሳችሁ፣ የቱን ለባለሙያ? (ጥቆማ)

መኪናችሁ ተጋጭቷል፣ እናንተ ግን ደህና ናችሁ፤ ዋናው እሱ ነው፣ ተመስገን። አሁን ጋራዡ የጠራው ዋጋ አስደንግጧችሁ "ራሴ ብሠራውስ?" እያላችሁ ከሆነ ይህ ጥቆማ ለእናንተ ነው። አጭሩ መልስ፦ በብሎን የታሰረውን ራሳችሁ ሞክሩ፣ የተበየደውንና ሕይወት የሚያድነውን አትንኩ። ረጅሙ መልስ ይኸው።

ኢንሹራንስ ካላችሁ አንድም ብሎን ሳትፈቱ አሳውቁ፣ በየአቅጣጫው ፎቶ አንሱ። ፈታታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ "ይህ ጉዳት ከግጭቱ የመጣ ነው" ብሎ ማስረዳት ራስ ምታት ነው።

ከዚያ በኋላ ከውጭ አይታችሁ አትወስኑ። ፓራውልቱን አውርዱ። ከውጭ የምታዩት ፓራውልት የፕላስቲክ ሽፋን ብቻ ነው። ከኋላው ብዙ ጊዜ ፎም አለ፣ ከፎሙ ኋላ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ብረት ወይም አሉሚኒየም አለ፣ እሱም ወደ ሞተሩ ግራና ቀኝ ከሚገቡት ሁለት የሻንሲ ክንዶች ጋር ይያያዛል። ፕላስቲኩ ተመትቶ ወደ ቦታው ይመለሳል። ብረቱ አይመለስም። ለዚህ ነው ከውጭ "ጭረት ብቻ ነው" የተባለ መኪና ውስጡ ሲታይ ሌላ የሚሆነው።

ፓራውልቱ ከወረደ በኋላ የምታዩት ይህን ነው። ሁለቱ ክንዶች ላይ የተጨማደደ ቦታ አለ? ቀለሙ ተሰነጣጥቆ ተነስቷል? ሁለት ላሜራ በተገናኘበት መስመር ላይ የተቀባው ማሸጊያ ተከፍቷል? ቀጥሎ ሜትር ያዙና በሞተር ክፍሉ ውስጥ ከግራ የፊት ብሎን ቀዳዳ እስከ ቀኝ የኋላ ቀዳዳ፣ ከዚያ ከቀኝ የፊት እስከ ግራ የኋላ ለኩ። አብዛኛው መኪና ላይ ሁለቱ ልኬቶች እኩል መሆን አለባቸው። በኮፈኑና በፓራፋንጎው መሃል ያለውን ክፍተትም በጣታችሁ ከግራም ከቀኝም ዳስሱት፤ በአንዱ በኩል ጣት እያስገባ በሌላው በኩል ከተጣበቀ፣ ወይም የፊት በሩ ሲዘጋ እንደ ድሮው ካልሆነ፣ የተጣመመው ላሜራው ብቻ አይደለም። እዚህ ላይ አቁሙ። መዶሻውን አስቀምጡ።

"አስሮ ጎትቶ ማቅናት ነው" የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። እኔ አልስማማም፣ ምክንያቱንም ልንገራችሁ። የመኪናው ፊት በግጭት ጊዜ በታሰበለት ቦታ እንዲጨማደድ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ሐሳቡ የመርሴዲስ መሐንዲስ የነበረው የቤላ ባሬኒ ነው፤ ከእ.ኤ.አ. 1959 ጀምሮ በመርሴዲስ መኪና ላይ ውሏል፣ ዛሬ ሁሉም አምራች ይጠቀምበታል። ብረቱ እየተጨማደደ ጉልበቱን ይውጣል፣ እናንተ የተቀመጣችሁበት ክፍል ሳይነካ ይቀራል። አንዴ የተጨማደደ ብረት በእሳት ሞቆ ቢቃና ለዓይን ደህና ይመስላል፣ ጥንካሬው ግን የድሮው አይደለም። በተለይ አዳዲስ መኪኖች ላይ ያለው እጅግ ጠንካራ ብረት ሲሞቅ ጥንካሬውን ያጣል፣ አምራቾቹም አሙቆ ማቅናትን በአብዛኛው ይከለክላሉ፤ ተቆርጦ መቀየር አለበት። ኤርባግ ደግሞ በሰከንድ መቶኛ ክፍሎች፣ ወደ 30 ሚሊሰከንድ ገደማ ውስጥ ነው የሚነፋው። ይህ ሰዓት የተሰላው ብረቱ እንደ አዲሱ ይጨማደዳል ተብሎ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ገንዘብ ለመቆጠብ አትድከሙ።

አሁን ወደሚሠራው ልምጣ። ሻንሲው ደህና ከሆነ ፓራውልት፣ የፊት ፓራፋንጎ፣ ኮፈን፣ የፊት መብራት፣ ስፖኪዮ፣ ግሪል አብዛኛው መኪና ላይ በብሎንና በክሊፕ ነው የሚታሰሩት። ትዕግስትና የቁልፍ ስብስብ ካላችሁ ትወጡታላችሁ። የኋላው ፓራፋንጎ ግን ብዙ ጊዜ የተበየደ ነው፣ እሱን ለባትላሜራ (ላሜራ ለሚያቃናው ባለሙያ) ተዉት። ስትገጥሙ ምንም ብሎን መጀመሪያ ላይ አታጥብቁ፤ ሁሉንም ልል አድርጋችሁ አስገቡ፣ ክፍተቶቹን አስተካክሉ፣ ከዚያ አጥብቁ። የኮፈኑን መቆለፊያ ደጋግማችሁ ሞክሩ፣ ዋናውንም ሁለተኛውን መያዣም። መንገድ ላይ ኮፈን ተነስቶ መስታወቱን ሲሸፍን አስቡት።

ከራዲያተሩ ፊት ያለችውን የኤሲ ራዲያተር ደግሞ ጋዙ ሳይወጣ አትፍቱ። ጋዙ በግፊት ያለ ነው፣ ቆዳና ዓይን ያቆስላል። ጋዝ የሚመጥጥ ማሽን ያለው የኤሲ ባለሙያ ጋ ውሰዱት።

መለዋወጫ ላይ ምርጫዬ ግልጽ ነው። ለላሜራ ነገር፣ ማለትም ለኮፈን፣ ለፓራፋንጎ፣ ለበር፣ ያገለገለ ኦሪጅናል ከአዲስ ቅጂ ይሻለኛል። ቀዳዳዎቹ ልክ ይመጣሉ፣ ዕድል ከቀናም ቀለሙ የራሳችሁ ይሆናል፤ የቀለም ኮዱ ብዙ ጊዜ በር ሲከፈት በሚታየው ወይም ኮፈን ስር ባለው ሰሌዳ ላይ አለ። ለግሪልና ለፓራውልት ሽፋን ቅጂውም አይከፋም። የጎማ ክንድ፣ ቴስቲና (ጎማውን ከመሪው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው መጋጠሚያ) እና መሪ ነክ ዕቃ ግን ያገለገለ አትግዙ፣ የተጣመመውንም አታስቃኑ። ያገለገለ ኤርባግ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። የታካታ ኤርባጎች ታሪክ ይበቃል፦ በዓለም ዙሪያ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ እንዲቀየሩ ተጠርተዋል፣ ሲፈነዱ ብረት እየበተኑ ሰው ገድለዋል፣ ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ2017 ከስሯል። ከፈረሰ መኪና የወጣ ኤርባግ ከእነዚህ ይሁን አይሁን በዓይን አይለይም።

ስቱኮ (የላሜራን ጎድጓዳ ቦታ የሚሞላ ሊጥ መሰል ቅብ) ራሳችሁ ልትቀቡ ከሆነ መጀመሪያ ላሜራውን በተቻለ መጠን አቅኑ። ስቱኮ ትንሹን ለመሙላት እንጂ ጉድጓድ ለመድፈን አይደለም፤ ከ3 ሚሊሜትር ብዙም ባይበልጥ ይመረጣል፣ ከወፈረ ይሰነጠቃል። ማጠንከሪያውን በዓይን ግምት አታብዙ፣ ባብዛኛው ከክብደቱ 2 በመቶ አካባቢ ነው፣ ቆርቆሮው ላይ ያለውን ተከተሉ። ሲበዛ ቶሎ ይደርቃል፣ በኋላም ቀለሙ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል፣ ስለዚህ በደረቁ ነው የሚፈገፈገው፤ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምሩ (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል)፣ በ180 አልፉ፣ በ320 ጨርሱ፣ ሳይውል ሳያድር ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባውን መሠረት) ቀቡት። ብረቱ ባዶውን ከወጣ ከስሩ ኢፖክሲ ፕራይመር ይሻላል፣ ዝገት ይከላከላል።

የተጎዳው ፕላስቲክ ፓራውልት ከሆነ ውስጡን ገልብጣችሁ እዩ። ፒፒ የሚል ምልክት የታተመበት ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ተራ ማስቲሽ አይዘውም፣ የፕላስቲክ ብየዳ ይፈልጋል፣ ቀለሙም ከስሩ ለፕላስቲክ የተዘጋጀ ማጣበቂያ ፕራይመር ይሻል። ስብር ሳይሆን መጎድጎድ ብቻ ከሆነ በሞቀ ውሃ ወይም በሙቅ አየር ይመለሳል፣ እሱን ሞክሩት፣ አስቸጋሪ አይደለም።

ስፕሬይ ቀለም ላይ ደግሞ ሁለት ዓይነት ክሊር (ከቀለሙ ላይ የሚቀባው አንጸባራቂ ሽፋን) አለ። ያለ ማጠንከሪያ የሚሸጠው ርካሽና ቀላል ነው፣ ግን ቤንዚን ሲነካው ይለሰልሳል፣ ፀሐይም አይችልም። ማጠንከሪያ ያለው ግን ፋብሪካ የቀባው ይመስላል፣ በዚያው ልክ ደግሞ አይሶሳያኔት የሚባል አስም የሚያመጣ ኬሚካል አለው፣ የወረቀት ማስክም አያድንም። ለአንዲት ትንሽ ጭረት የመጀመሪያው ይበቃል። ሙሉ ፓራፋንጎ ከሆነ ቀለም ቤት ላላቸው ስጡት።

እኔ ለብዙ ሰው የምመክረው መሃለኛውን መንገድ ነው። መፍታቱን ራሳችሁ፣ ክፍሉን ብቻ ይዛችሁ ባትላሜራና ቀለም ቀቢ ጋ ሂዱ፣ መግጠሙን ራሳችሁ። የጉልበት ክፍያው በግልጽ ይቀንሳል፣ ሥራውም ሲሠራ ታያላችሁ። ቀለሙ ሳይሰበር ላሜራው ብቻ ከተጎደጎደ ያለ ቀለም ከውስጥ ገፍቶ የሚያወጣ ባለሙያ ፈልጉ። ይህ ከሁሉም የተሻለ ነው፣ የፋብሪካው ቀለም ሳይነካ ይቀራል።

የሻንሲ ሥራ ከሆነ ደግሞ ጋራዡን "መለኪያ ቤንች (ሻንሲ ታስሮ የሚለካበት መደብ) አላችሁ? የልኬት ወረቀት ትሰጡኛላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ "በዓይን እናየዋለን" ከሆነ አመስግናችሁ ውጡ፣ ምንም ርካሽ ቢሆን። ትልቅ ጋራዥ ስለሆነ ብቻም አትመኑ፤ አንዳንዱ ሰፈር ውስጥ ያለ ባትላሜራ እጁ ከትልልቆቹ ይበልጣል፣ የሚለየው መሣሪያውና ልኬቱ ነው። ሲመልሱላችሁ የቀለም ውፍረት መለኪያ አሳርፉበት። የፋብሪካ ቀለም ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 180 ማይክሮን ነው፣ ከአንድ ሺህ በላይ ካነበበ ከስሩ ስቱኮ ተደፍኗል።

ኤርባግ ከተነፋ ወይም ቀበቶው ተጎትቶ ከቆለፈ ነገሩ ከእጃችሁ ወጥቷል። ቀበቶው ውስጥም ባሩድ ያለው መሳቢያ አለ፣ እሱም አንዴ ብቻ ነው የሚሠራው። ኤርባግ ባለበት አካባቢ የምትሠሩ ከሆነ የባትሪውን ነጌቲቭ ንቀሉና የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የሚለውን ያህል ደቂቃ ጠብቁ። ሃይብሪድ ወይም ኤሌክትሪክ ከሆነ ብርቱካናማ ገመድ አትንኩ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው። የባትሪው ሳጥን ተመትቶ ከሆነ ደግሞ ከቤት ራቅ አድርጋችሁ አቁሙት፣ ከግጭቱ ቀናት በኋላ እሳት ሊነሳ ይችላል።

ጎማው ወይም ቸርኬው ከተመታ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ለክቶ ማስተካከል) የግድ ነው፣ ውጤቱንም በወረቀት ተቀበሉ። መኪናችሁ ራሱ ፍሬን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ፓራውልቱ ኋላ ራዳር ሊኖረው ይችላል፤ እዚያ ቦታ ላይ ስቱኮ አይቀባም፣ ከተነካካም እንደገና መስተካከል አለበት። የፊት መስታወት ከተቀየረ ካሜራውም እንዲሁ። ግጭቱ ጊዜ የልጅ መቀመጫ መኪናው ውስጥ ከነበረም፣ ባዶውን ቢሆን እንኳ፣ የአምራቹን መመሪያ እዩ፤ ብዙዎቹ ከግጭት በኋላ ይቀየር ይላሉ፣ ከውጭ ምንም ባይታይበትም።