«ኢንዶካናቢኖይድ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ማሂ፦ ሰላም ለቤቱ። ለጤና መጽሔት በምተረጉመው ጽሑፍ ውስጥ «ኢንዶካናቢኖይድ» የምትል ቃል አላላውስ ብላኛለች፤ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው፣ ካናቢስ (ሐሺሽ) ውስጥ ያለውን የሚመስል ንጥረ ነገር ናት። አንድ ቦታ «በሰውነት ውስጥ የሚገኝ አደንዛዥ ዕፅ» ተብሎ አየሁ። እናቴ ብታነበው ጭንቅላቷ ውስጥ ሐሺሽ በቀለ ብላ ጠበል ትወስደኛለች።

ቃል ለቃሚ፦ ሃሃ! «ዕፅ» በግእዝ ዛፍ ነው፤ አይሆንም። «ዕፀ ፋሪስ»ንም እንዳትነኪው። ብዙ ሰው ካናቢስን ይጠራበታል እንጂ ዕፀ ፋሪስ ያ ጥሩምባ የመሰለ አበባና እሾሃም ፍሬ ያለው መርዛማ ተክል ነው። «ውስጣዊ ምርቃና» ቢባልስ?

የላብራቶሪው፦ ወንድሜ፣ ምርቃና የጫት ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፤ መንገዱም ሌላ። ቃሉ ግራ የሚያጋባው ስያሜው የኋሊት ስለመጣ ነው። መጀመሪያ ካናቢስ ውስጥ ያለው የሚያሰክረው ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲ፣ በ1964 እ.ኤ.አ. እስራኤል ውስጥ ተለየ። በ1988 አንጎል ውስጥ እሱን የሚቀበል ተቀባይ (እንደ በር ያለ ፕሮቲን) ተገኘ። አንጎል ለአንድ ተክል ብሎ በር አይሠራም፤ የቤቱ ሰው፣ ማለትም በዚያ በር የሚገባው የሰውነት የራሱ ንጥረ ነገር፣ ማነው ተብሎ ሲፈለግ በ1992 ኢየሩሳሌም፣ ሂብሩ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአሳማ አንጎል ውስጥ አንዱን አወጡት። «ኢንዶ» ውስጥ ማለት ነውና «የውስጥ ካናቢኖይድ» ተባለ፤ ባለቤቱ በእንግዳው ስም ተጠራ። እሱን ለብቻው «አናንዳሚድ» አሉት፤ «አናንዳ» በሳንስክሪት ሐሴት ነው።

ቃል ለቃሚ፦ ሐሴት! በቃ «ሐሴታሚድ» እንበለው።

የላብራቶሪው፦ የኢንዶካናቢኖይዶች ሥራ ሐሴት ብቻ ቢሆን እኮ። ረሃብ፣ ሕመም፣ ማስታወስ፣ ሁሉም ጋ እጃቸው አለበት። የነርቭ መልእክት ከላኪ ነርቭ ወደ ተቀባይ ነርቭ ሲሄድ እነዚህ ከተቀባዩ ነርቭ ተነሥተው ወደ ላኪው ይመለሳሉ፤ «ሰማሁ፣ ቀንስ» እንደማለት። ወዲያው ኢንዛይም ይሰባብራቸዋል። ከሩጫ በኋላ ያለውን ደስታ ሁሉም ለኢንዶርፊን (ሰውነት ለሚሠራው ሕመም አስታጋሽ) ይሰጠዋል፤ በ2015 በአይጦች ላይ የተሠራ ጥናት ግን የካናቢኖይድ ተቀባዩ ሲዘጋ ያ የሩጫ መረጋጋት እንደሚጠፋ አሳይቷል።

እትዬ አስካለ፦ ልጆች፣ እኔ ዳገት ወጥቼ ላቤ ጠብ ሲል «ሰውነቴ ፍትት አለ» ነው የምለው። ለስሜቱ ቃል አላጣንም።

ማሂ፦ «ሰውነት ሠራሽ ካናቢኖይድ»ስ?

ቃል ለቃሚ፦ «ሰው ሠራሽ» ብለው ያነቡብሻል፤ ጭራሽ ተቃራኒው! «ውስጠ ወለድ» ብትዪም ባንክ ነው ትዝ የሚላቸው።

እትዬ አስካለ፦ መጀመሪያ ላይ «ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው ካናቢኖይድ» በዪና ከዚያ በኋላ ኢንዶካናቢኖይድ እያልሽ ቀጥዪ። ቫይታሚንን ማን ተረጎመው?

ማሂ፦ እሺ እትዬ። አናንዳሚድ ጎን ግን ሐሴትን አስገባታለሁ፤ አርታኢው ካልቆረጣት።