የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ፦ ኦሲዲ ያለበት ትንሽ ልጅና የሚገነፍለው ቁጣ

አርቃቂ
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እንደተስማማነው ለትምህርት ቤቶችና ለሕፃናት ሕክምና ክፍሎች የምናቀርበውን የጋራ ሐሳብ እዚሁ እንጨርሰው። የመጀመሪያውን ረቂቅ አንብባችሁታል። እኔን ያልተመቸኝ አንድ ነገር አለ። ኦሲዲውን፣ ማለትም ልጁን የማይፈልገው ሐሳብ ወይም ፍርሃት እየመጣበት አንድን ነገር ደጋግሞ እንዲያደርግ የሚያስገድደውን የአእምሮ ሕመም፣ በአንድ ክፍል፣ ቁጣውን በሌላ ክፍል ጽፈነዋል። እንደዚያ ሆኖ ከሄደ አንባቢው የሚያስበው አንደኛውን ሐኪም ያየዋል፣ ሌላኛው ደግሞ የአስተዳደግ ጉዳይ ነው፣ ወላጅ ጠበቅ ቢያደርግ ይስተካከላል ብሎ ነው። የብዙዎቻችን ቤት ግን እንደዛ አይደለም፤ ልጁ በአብዛኛው የሚፈነዳው የጀመረው ድግግሞሽ ሲቋረጥበት ወይም እኛ በእሱ ሕግ አልሄድ ስንል ነው። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ እንጻፋቸው እላለሁ። ምን ትላላችሁ?

የሰባት ዓመት ልጅ እናት
በጣም እስማማለሁ። ምሳሌ ካስፈለገ የእኛን ቤት ጠዋት ውሰዱት። ካልሲ ነው ነገሩ። ስፌቱ ጣቱ ላይ "ልክ" መሆን አለበት። ያጠልቃል፣ ያወልቃል፣ ያጠልቃል፣ ግራው ልክ ሲመጣ ቀኙ ይበላሻል፣ ከዚያ ሁለቱንም አውልቆ ከመጀመሪያው። ረፈደ ብዬ ጫማውን ላደርግለት እጄን የዘረጋሁ ጊዜ ጉድ ይፈላል። ጫማው ይወረወራል፣ ይመታኛል፣ ይነክሰኛል። ሲበርድለት ደግሞ ራሱ ያለቅስና "እማዬ ጠላሽኝ?" ይላል። አልጠላሁህም ስለው እንደገና ይጠይቃል፣ እንደገና፣ እንደገና። እሱም ሌላ ድግግሞሽ ሆኖ አረፈው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ግን የተሞላቀቀ ልጅ ነው። "አንዴ በደንብ ብትገርፊው" የሚል ምክር እስከ አንገቴ ነው።

ጡረተኛ መምህርት
ልጆቼ፣ ረቂቁ ላይ "መምህራን ስለ ኦሲዲ ግንዛቤ እንዲያገኙ ይደረግ" ይላል። ይሄ ዓረፍተ ነገር ምንም አይልም፣ አውጡት። ምን እንዲያዩ እንደምትፈልጉ ጻፉላቸው። እንዲህ ያለ ልጅ ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ጨዋ ነው። ቀኑን ሙሉ አፍኖ ይውልና ቤቱ ሲደርስ ይለቀዋል። መምህሩ "እኛ ጋ ምንም አይልም" ሲል እውነቱን ነው፣ እናትየዋም እውነቷን ነው፣ ግን ሁለቱ አይተማመኑም። መምህር ሊያየው የሚችለው ሌላ ነገር ነው፦ ፊደሉን ጽፎ ማጥፋት፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ በላጲስ መፈተግ፣ ሽንት ቤት ሄዶ መቅረት፣ መልሱን እያወቀ ፈተና አለመጨረስ፣ "ልክ ነኝ?" እያሉ አሥር ጊዜ መመላለስ። ይሄን አይቶ ሰነፍ ወይም ደነዝ የሚል ስም የሰጠ መምህር ልጁን አጣው ማለት ነው።

አርቃቂ
እትዬ፣ ልክ ነዎት። ያሉትን እንዳለ አስገባዋለሁ። አሁን ማስረጃ ወደሚያስፈልገው ክፍል እንሂድ። ዶክተርዬ፣ ጊዜ ካለሽ?

የሥነ ልቦና ባለሙያ አባል
አለሁ። ከሁሉ በፊት፣ ብርቅ ነገር እንደሆነ አድርገን አንጻፍ። በአብዛኛው የሚጠቀሰው ግምት ከ100 ልጆችና ወጣቶች ውስጥ ከ1 እስከ 3 የሚሆኑት ኦሲዲ ያገኛቸዋል የሚል ነው። ትልቅ ትምህርት ቤት ሁሉ እንዲህ ያሉ ልጆች አሉት ማለት ነው፣ አወቃቸውም አላወቃቸውም።

"ልጁ ገና ትንሽ ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል" ለሚሉን ደግሞ መልስ አለን። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ከ5 እስከ 8 ዓመት የሆኑ 127 ልጆችን ነው የተከታተለው። ግማሾቹ ወላጅ አብሮ የሚሠለጥንበትን የግንዛቤና ባህሪ ሕክምና ወሰዱ፤ ልጁ ፍርሃቱን በትንሽ በትንሹ እየተጋፈጠ ድግግሞሹን ሳያደርግ የሚቆይበት ነው። ሌሎቹ ከቤተሰባቸው ጋር ሰውነትን የማፍታታት ልምምድ ተሰጣቸው። ከ14 ሳምንት በኋላ በመጀመሪያው ቡድን 72 በመቶ፣ በሁለተኛው 41 በመቶ የሚሆኑት በግልጽ ተሻሻሉ። የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው የብሪታንያው ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው መመሪያም በልጆች ላይ ይህንኑ ሕክምና ከቤተሰብ ጋር እንዲሰጥ ነው የሚመክረው። ስለዚህ የአምስት ዓመት ልጅ ይዞ የሚመጣን ወላጅ "ትንሽ ጠብቁ" ብሎ መመለስ አያስኬድም።

ስለ ቁጣው። አርቃቂያችን ያለው ነገር ከሕክምናውም ጋር ይሄዳል። ቤተሰብ ቁጣውን ፈርቶ ለኦሲዲው እሺ ይላል፦ በሩን አብሮ ይነካል፣ ጥያቄውን መቶ ጊዜ ይመልሳል፣ ልብሱን ደግሞ ያጥባል። ልጁ ለጊዜው ይረጋጋል። ግን ሁለት ነገር ይማራል። አንደኛ ፍርሃቱ እውነት እንደነበረ፣ ሁለተኛ ደግሞ ቁጣ እንደሚሠራ። በማግስቱ ሕጉ ይጨምራል። እከክ በሉት፤ ባከኩት ቁጥር ይብሳል። ስለዚህ ሐሳባችን መሃል ላይ መቀመጥ ያለበት ይሄ የቤተሰብ እሺታ ነው፣ ኦሲዲውንና ቁጣውን የሚያገናኘው እሱ ስለሆነ።

የመንትዮች አባት
አንዴ ቆይ። እዚህ ጋ አልተመቸኝም። እኔ ማታ ማታ መብራቱን ልጄ በወሰነው ቁጥር ልክ ደጋግሜ አጠፋለሁ አበራለሁ፣ ምክንያቱም ካላደረግኩ ቤቱ እስከ እኩለ ሌሊት ይተራመሳል፣ ሌላኛው ልጄ አይተኛም፣ ጠዋት ሥራ አለኝ። ይሄን "ወላጅ ችግሩን እያባባሰ ነው" ብላችሁ ከጻፋችሁ ትምህርት ቤቱ የሚያነበው "ጥፋቱ የወላጅ ነው" ብሎ ነው። ከዚህ ቀደምም ያን ሰምተናል። ደግሞስ "እሺ ማለት አቁሙ" ማለት ቀላል ነው፣ አቁሜ የሚመጣውን ማን ይችለዋል?

የሥነ ልቦና ባለሙያ አባል
ወንድሜ፣ ቅሬታህ ተገቢ ነው። ይሄ እሺታ ልጁን የሚወድ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነገር ነው፣ በጥናትም አብዛኛው ቤተሰብ ጋ ይገኛል። ኦሲዲውንም ያመጣው እሱ አይደለም። ይሄ በመጀመሪያው መስመር ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ሁለተኛው ጥያቄህ ነው ትልቁ። ሁሉንም በአንድ ቀን ማቆም የለብህም፣ እንዲያውም አይመከርም። አንድ ነገር ብቻ ይመረጣል፣ ያውም ቀለል ያለው። ለልጁ አስቀድሞ፣ በሰላሙ ሰዓት፣ ይነገረዋል። በግርግሩ መሃል አይደለም። "ከነገ ጀምሮ መብራቱን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የማጠፋው፣ ከባድ እንደሚሆንብህ አውቃለሁ፣ እንደምትችለውም አውቃለሁ" ብቻ። ከዚያ በኋላ ማብራሪያ የለም፣ ልመና የለም፣ ክርክር የለም። ቁጣው መጀመሪያ ላይ ይጨምራል፣ ይሄን ወላጅ አስቀድሞ ካላወቀ በሦስተኛው ቀን ይተወዋል። ለዚህ ነው ብቻውን አይሥራው፣ የሚደውልለት ሰው ይኑረው የምንለው።

በየል ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ስፔስ የሚባል ሥልጠናም አለ። ልጁ ራሱ ባለሙያ ጋ አይገባም፣ ወላጅ ብቻ ነው የሚሠለጥነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጥናት የጭንቀት ችግር ባለባቸው ልጆች ላይ ውጤቱ ልጁ በቀጥታ ከሚታከምበት እንደማያንስ አሳይቷል። ጥናቱ በጭንቀት እንጂ በኦሲዲ ላይ አልነበረም፣ ይሄን አድበስብሰን እንዳንጽፍ። ግን "ባለሙያ ጋ አልገባም" ብሎ በር ለሚዘጋ ልጅ ወላጅ፣ በእሱ በኩልም የሚሠራ ነገር እንዳለ ማወቁ ትልቅ ነገር ነው።

የመንትዮች አባት
እሺ፣ እንደዚህ ከሆነ ይሁን። "አንድ በአንድ" እና "ከድጋፍ ጋር" የሚሉት ቃላት ግን እንዳይወጡብኝ።

የሰባት ዓመት ልጅ እናት
ሲፈነዳስ ምን ይደረግ የሚለውን ጽፈነዋል? ምክር ሁሉ የሚያወራው ስለ በፊቱና ስለ በኋላው ነው። መሃሉ ላይ ማንም የለም።

የሥነ ልቦና ባለሙያ አባል
በዛ ሰዓት ልጁ የሚሰማ ጆሮ የለውም። ስለዚህ ማስተማሪያ ሰዓት አይደለም። ወንድም እህት ካሉ ወደ ሌላ ክፍል ይወጣሉ፣ የሚሰበርና የሚወረወር ነገር ይነሳል፣ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ ቃል ይቀንሳል። መያዝ የሚያስፈልገው ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ከሆነ ብቻ ነው። ዋናው ነገር ግን በቁጣው የተነሳ የተከለከለው ድግግሞሽ አይሰጠውም። ከበረደለት በኋላ በአጭሩ፦ "መናደድህን አልከለክልም፣ መምታት ግን አይቻልም"። ኦሲዲ ስላለበት መማታት ይፈቀድለታል ማለት አይደለም፤ ቅጣቱ ግን በፍርሃቱ ላይ መሆን የለበትም። ካልሲውን ሲያወልቅ ስለዋለ አይቀጣም። ጫማ ስለወረወረ ራሱ ያነሳዋል።

ጡረተኛ መምህርት
ይሄ የመጨረሻው አባባል ለመምህርም ይሠራል። ይግባ።

አዲስ አባል
ይቅርታ፣ አዲስ ነኝ። ስለ መድኃኒት ምንም አላያችሁም? የኔ ልጅ መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ነው ቁጣው የባሰው፣ ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም።

የሥነ ልቦና ባለሙያ አባል
እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። መድኃኒት የሚያዘው ሐኪም ነው፣ ሐሳባችንም በዛ አይገባም። ግን መረጃ መጠየቅ መብታችን ነው። በአሜሪካ ለልጆች ኦሲዲ ከተፈቀዱት ሰርትራሊን ከ6 ዓመት፣ ፍሉኦክሰቲን ከ7፣ ፍሉቮክሳሚን ከ8 ዓመት ጀምሮ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች አንዳንድ ልጆችን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወይም መጠኑ ሲጨምር ሊያቁነጠንጡና ሊያናድዱ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊመጣ ስለሚችል ክትትል እንዲደረግ "ጥቁር ሳጥን" የሚባለው ጠንካራ የመድኃኒት ማስጠንቀቂያ ወጥቶባቸዋል። ስለዚህ "መድኃኒት ሲጀመር ወላጅ ምን እንደሚጠብቅና መቼ እንደሚደውል በጽሑፍ ይሰጠው" ብለን እንጠይቅ። የልጅሽን ነገር ግን ዛሬውኑ ለሐኪሙ ንገሪ። በራስሽ ድንገት እንዳታቋርጪው።

አንድ ነገርም ልጨምር። ደህና የነበረ ልጅ በአንድና ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ኦሲዲ፣ ቁጣ፣ የምግብ እምቢታ፣ ሽንት ማምለጥ ከጀመረው ቶሎ ሐኪም ይየው። ከጉሮሮ ኢንፌክሽን በኋላ የሚመጣ እንዲህ ያለ ነገር እ.ኤ.አ. በ1998 ተገልጿል፤ እስካሁን ባለሙያዎች የሚከራከሩበት ቢሆንም መመርመሩ አይጎዳም።

አርቃቂ
ጥሩ። የተስተካከለውን ዋና ክፍል እነሆ፣ እየተቀባበላችሁ ቁረጡት፦

"ኦሲዲ ባለበት ትንሽ ልጅ ላይ የሚታየው ኃይለኛ ቁጣ በአብዛኛው ከኦሲዲው ተለይቶ መታየት የለበትም። ወላጅ ልጁን ለማረጋጋት ለድግግሞሹ መተባበሩ የፍቅር ሥራ እንጂ የበሽታው መነሻ አይደለም፤ ሆኖም ሲቆይ ኦሲዲውንም ቁጣውንም ያጠነክራል። ስለዚህ የሕክምና ክፍሎች ልጁን ሲቀበሉ ስለ ድግግሞሹ ብቻ ሳይሆን ሲቋረጥበት ምን እንደሚሆንና ቤተሰቡ ምን እንደሚያደርግለት እንዲጠይቁ፣ ወላጆች እሺታቸውን አንድ በአንድና ከድጋፍ ጋር እንዲቀንሱ እንዲያሠለጥኑ እንጠይቃለን። ትምህርት ቤቶች ከወላጅና ከባለሙያው ጋር የሚስማሙበት አንድ ገጽ ዕቅድ እንዲኖራቸው፣ ልጁ ሲጨንቀው የሚሄድበት ሰውና ቦታ በስም እንዲጻፍ፣ በፍርሃቱና በድግግሞሹ ምክንያትም እንዳይቀጣ እንጠይቃለን።"

ጡረተኛ መምህርት
"በስም እንዲጻፍ" የሚለውን ወድጄዋለሁ። "ማንኛውም መምህር" ብላችሁ ቢሆን ኖሮ ማንም አይመጣም ነበር። ግን አንድ ነገር ይጨመር፤ ትምህርት ቤቱም እሺታውን አያብዛ። ልጁ አሥር ጊዜ "ልክ ነኝ?" ሲል አሥር ጊዜ "አዎ" የሚል ደግ መምህርም እየረዳው አይደለም።

የሰባት ዓመት ልጅ እናት
ወንድሞችና እህቶች የት ሄዱ? የኔ ትልቋ ልጅ በዚህ ሁሉ መሃል ድምፅዋን አጥፍታ ነው የምታድገው። አንድ መስመር ይገባታል።

አርቃቂ
ሁለቱም ይገባሉ። እትዬ፣ የአንድ ገጹን ዕቅድ ናሙና እርስዎ ቢጽፉልን፤ መምህር እንዲያነበው የሚያደርግ ቋንቋ የእርስዎ ነው። ዶክተርዬ፣ የመድኃኒቱን አንቀጽ አንድ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ሳያየው አናስገባውም፣ አንቺ ጠይቂልን። የመንትዮቹ አባት፣ "ለወላጅ" የሚለውን ክፍል አንተ ያዝ፣ ስድብ የሚመስል ቃል ካለ አንተ ታገኘዋለህ። የወንድምና የእህት ጉዳይ የእናት ነው። አዲሷ አባል፣ ልጅሽን ካሳየሽ በኋላ ብቅ በይ። እስከ መጪው እሁድ ማታ የላካችሁትን አንድ ላይ አድርጌ ሰኞ ለድምፅ አቀርበዋለሁ።

የመንትዮች አባት
ያዝኩ። ቅዳሜ ይደርስሃል።