ነፍሰ ጡር ታካሚዎቼ ስለሚጠጡት ቅጠል እንዴት ልጠይቃቸው?

ጥያቄ (ከሂዩስተን)
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው የነፍሰ ጡር ክትትል ክሊኒክ ውስጥ ነው። አብዛኞቹ ታካሚዎቻችን ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡ ናቸው። «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ስል መልሱ ሁሌ «የለም» ነው። ትንሽ ቆይቶ ጨዋታ ሲመጣ ግን አንዷ ማንሳኒያ (ካሞሚል)፣ ሌላዋ የቀረፋ ሻይ፣ ሌላዋ ደግሞ እናቷ ከአገር ቤት የላከችላትን ቅጠል እንደምትጠጣ ትነግረኛለች። በቀደም አንዷ ስልኳን ከቦርሳዋ ስታወጣ በፌስታል የተቋጠረ ደረቅ ቅጠል ተከትሎ ወጣ፤ ሳየው ጊዜ ቶሎ ብላ መልሳ ከተተችው። የትኛው ነው የሚያሰጋው? ሳላሳፍራቸውስ እንዴት ልጠይቅ?

መልስ 1 (አዋላጅ)
እህቴ፣ አልዋሹሽም። ሻይ በነሱ ቤት መድኃኒት ተብሎ አይቆጠርም። ስለዚህ «መድኃኒት» የሚለውን ተይውና «ሲያቅለሸልሽሽ ምን ትጠጫለሽ? እንቅልፍ እምቢ ሲልሽስ? እናትሽ ወይ አማትሽ ምን ጠጪ አሉሽ?» ብለሽ ጠይቂያት። ስትነግርሽ ፊትሽን አታጨማድጂ፣ በቃ እሱን ካየች ሁለተኛ አትነግርሽም። ከቤተሰብ ርቃ ለምታረግዝ ሴት ያ ቅጠል የእናቷ እጅ ነው፣ እንደ ጥፋት አትዪባት።

መልስ 2 (ፋርማሲስት)
ሁሉንም በአንድ ዓይን አትዩት። ዝንጅብል ለማቅለሽለሽ የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅም እንደ አንድ አማራጭ ይጠቅሰዋል። ቀረፋ ምግብ ላይ ምንም አይደለም፤ ምጥ እንዲፋጠን ተብሎ ወፍሮ የሚፈላው ግን ሌላ ነገር ነው፣ መውለጃዋ ሲደርስ ጠይቂያት። ማንሳኒያም አንዳንዴ አንድ ስኒ ሲሆንና ቀኑን ሙሉ ሲጠጣ አንድ አይደለም።

በጣም የማስጠነቅቅሽ ሩዳን ነው። የኛው ጤና አዳም ዘመድ ነው። ማህፀንን ያኮማትራል፣ ከድሮም ለማስወረድ ሲጠቀሙበት ኖረዋል፣ በብዛት ሲወሰድ ጉበትና ኩላሊት ይጎዳል። ኢስታፊያቴ የሚሉትም የአሪቲ ወገን ስለሆነ በእርግዝና ጊዜ ቢቀር ይሻላል። «በካፕሱል የታሸገ ነው እኮ» ካሉሽም አትዘናጊ፣ በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያለ ምርት ገበያ ከመውጣቱ በፊት የኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) ፈቃድ አያስፈልገውም።

መልስ 3 (ሜክሲካዊ ያገባች)
ስለ ቅጠሉ ብቻ ሳይሆን ስለ ዱቄቱም ጠይቂ! አሳርኮንና ግሬታ የሚባሉ አሉ፤ አንዱ ብርቱካናማ፣ አንዱ ቢጫ። ኤምፓቾ ለሚሉት የሆድ ድርቀትና መነፋት ነው የሚሰጡት፣ በተለይ ለልጆች። ሁለቱም እርሳስ (ሌድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ናቸው፣ ያውም ትንሽ የተቀላቀለበት ሳይሆን አብዛኛው እርሳስ። እርሳስ ደግሞ በእንግዴ ልጁ አልፎ ጽንሱ ጋ ይደርሳል። ቤት ውስጥ ካለ ለትልልቆቹ ልጆችም ያሰጋል። የወሰደች ካለች «አቁሚ» ብቻ ብለሽ እንዳትሸኛት፣ የደም ምርመራ ይታዘዝላት።

ጠያቂዋ
በጣም አመሰግናለሁ። ያቺን የፌስታሉን ልጅ ሳምንት አገኛታለሁ። ስሙን ባታውቀውስ?

መልስ 2 (ፋርማሲስት)
ይዛው ትምጣ፣ ወይም ፎቶ ታንሳው። እስከዚያ ባትጠጣው ይሻላል። ጠጥታ ቁርጠት ወይም ደም ካየች ግን ቀጠሮ ሳትጠብቅ ሆስፒታል ትሂድ። የመርዝ መረጃ ማዕከሉ 1-800-222-1222 ቀንም ሌሊትም በነፃ ይሠራል፣ አስተርጓሚም አለው። ቁጥሩን ጽፈሽ ስጫት።