«ግዮን» ለሴት ልጅ ስም ይሆናል?

የልጅቷ አክስት፦ ጤና ይስጥልኝ። እህቴ ሴት ልጅ ተገላገለች፤ አባትየው «ግዮን መጣችልን» ብሎ ጻፈልን። አያቴ ስትሰማ «ወንዝ ወንድ ነው፣ ለሴት አይወጣም» ብላ አኮረፈች። አጎቴ ደግሞ «በአዲስ አበባው ግዮን ሆቴል ስም ነው እንዴ?» አለ። ክርስትናዋ በ80 ቀኗ ስለሆነ የጥሪ ካርዱ መታተም አለበት። ትርጉሙ ምንድን ነው? የወንድ ነው የሴት?

የወሊሶ ልጅ፦ እህትሽን እንኳን ማርያም ማረቻት! እኛ ዘንድ ግዮን ከተማችን ናት። ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 114 ኪሎ ሜትር ሄደሽ ወሊሶ ስትደርሺ፣ ትልልቆቹ ዛሬም ግዮን ይሏታል። አንዴ ለአክስቴ ልጅ «ግዮን ነኝ፣ ነይ» ብዬ ደወልኩላት። እሷ መስቀል አደባባይ አጠገብ፣ ሆቴሉ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ እኔ ወሊሶ መናኸሪያ ነበርኩ። ከተማ ደግሞ ሴት ናት።

መርጌታ፦ ልጄ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ሁሉም ከዘፍጥረት 2፥13 የተቀዳ ነው። «የሁለተኛውም ወንዝ ስም ግዮን ነው፤ እርሱም የኢትዮጵያን ምድር ሁሉ ይከብባል።» በዕብራይስጡ ጊሖን ነው፤ ገንፍሎ መውጣት፣ መፍለቅ ማለት ነው።

የሰከላ ሰው፦ መርጌታ ይቅር ይበሉኝና ዕብራይስጥ ድረስ ምን አስኬደን? ግዮን የምንለው ዓባይን ነው፤ ምንጩም እኛ ጋ ግሽ ዓባይ ነው። ግሽ እና ግዮን አንድ ሥር ናቸው፤ «ግ»ዋ ትመሰክራለች።

መርጌታ፦ ወንድሜ፣ በአንድ ፊደል ዝምድና አይቆጠርም። እንደዚያማ ከሆነ ጎጃምም ጎንደርም ከግዮን ወጡ ልንል ነው።

ቅኔ ወዳዷ፦ እኔ የገረመኝ ሌላ ነው። ጊሖን ከሆነ ሐው የት ገባ? ግእዝ ሐ አላነሰው።

መርጌታ፦ በጽርዕ፣ በግሪክኛ ማለቴ ነው፣ በኩል ስለመጣ ነው። የግእዙ ኦሪት ከሰብዓ ሊቃናት ትርጉም፣ ከጥንቱ የጽርዕ ብሉይ ኪዳን ተመለሰ፤ ጽርዕ ደግሞ ሐ የለውም። አብረውት የተጠሩትን የገነት ወንዞች እዪአቸው፦ ጤግሮስ፣ ኤፍራጥስ። መጨረሻቸው ላይ ያለው «ስ» የጽርዕ ነው።

ቅኔ ወዳዷ፦ ይስሐቅስ? በጽርዕ ሐም ቀም የለውም፤ ግእዙ ግን ሁለቱንም ይዟል። ስለዚህ ተርጓሚው ሲፈልግ ሐን መመለስ ይችል ነበር ማለት ነው።

መርጌታ፦ ይስሐቅ በሰው አፍ የኖረ ስም ነው፤ ከመጽሐፉ ቀድሞ ገብቶ ሊሆን ይችላል። የወንዙ ስም ግን ከብራናው ጋር ነው የመጣው። እኔ ይህን ነው የማምነው።

ኢየሩሳሌም ያለሁ፦ የምኖረው ከሌላው ግዮን፣ ከምንጩ አጠገብ ነው፤ ሰሎሞን የተቀባበት፣ 1ኛ ነገሥት 1፥33። ሕዝቅያስ ያስቆፈረው ዋሻ 533 ሜትር ነው። መብራት ይዤ ገብቻለሁ። ውሃው እስከ ጉልበት ይደርሳል፣ አጥንት ድረስ ይቀዘቅዛል፤ የመጥረቢያው ምት ግድግዳው ላይ በጣት ይዳሰሳል። ምንጩ በጥንት ጊዜ እየቆየ ይገነፍል ስለነበር መርጌታ ያሉት ትርጉም ልክ ነው። የገነቱ ወንዝ እና ይህች ምንጭ ግን ከስም በቀር አይገናኙም።

ከዱባይ፦ ዓረቦቹም በመካከለኛው እስያ ያለውን ትልቅ ወንዝ ጀይሁን ብለውታል፤ ቱርክ ውስጥም ጀይሃን የሚባል ወንዝ አለ። ስሙ ያልደረሰበት የለም።

የሰከላ ሰው፦ ቢሆንም የኢትዮጵያን ምድር የሚከብበው አባይ ነው።

ቅኔ ወዳዷ፦ እባክህ በዐይኑ ዐ ጻፈው! «አባይ» ብለህ በአልፋው ስትጽፍ ከ«አበለ» የወጣው ሐሰተኛው ይሆናል፤ ከፈለ ከፋይ እንደሚለው። ወንዙ ከዐቢይ ነው። ደግሞ ልብ በሉ፦ በግእዝ ወንዱ ዐቢይ፣ ሴቷ ዐባይ ናት። ስለዚህ የአገራችን ትልቁ ወንዝ የሴት ቅጽል ተሸክሟል!

የወሊሶ ልጅ፦ ተረቱ ግን «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ነው። ይዞራል እንጂ ትዞራለች አይልም።

ቅኔ ወዳዷ፦ እሱ አማርኛ ነው፤ እኔ ስለ ግእዙ ነው የማወራው።

የልጅቷ አክስት፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ስለ ዐባይ ያላችሁትን ለአያቴ አነበብኩላት። «እሱ የዓባይ ነው፣ የግዮንስ?» አለችኝ። ማተሚያ ቤቱ ነገ ይደውላል።

መርጌታ፦ አያትሽ ትክክል ጠይቀዋል፤ ቅጽሉ የግዮን አይደለም። ቅኔ ወዳዷ፣ ያንን ሐ ግን አልተውኩሽም፤ ማታ ከኪዳን መልስ እንቀጥላለን።