ጥቆማ፦ እሾህ የማይበሳው የሳይክል ጎማ፣ ባሕር ዳርና ዙሪያዋ

የመሸንቲ መንገደኛ
ሰላም ለቤቱ። ጥቆማ ፈልጌ ነው። ሳይክሉ ማውንቴን ነው፤ ጎማው 26 በ1.95፣ ቫልቩ የመኪና ዓይነት። መንገዱ ከመሸንቲ ባሕር ዳር በአስፋልቱ ዳር፣ የቀረው በማሳ መሃል ኮረኮንች ነው። ግራሩም ኩርንችቱም አላስቀምጥ አለ። አራት ነገር ይባላል፦ በጎማውና በካላማዳሪያው መሃል የሚገባ ንጣፍ፣ ወፍራም ካላማዳሪያ፣ ውስጡ የሚጨመር ፈሳሽ፣ ጭራሽ ነፋስ የማይሞላ ድፍን ጎማ። ለዚህ መንገድ የትኛው ይሻላል? የትስ ይገኛል?

ዓባይ ማዶ 07
ከገበያው ጀርባ ያሉት ሽበታም ጎሚስታ ጋ ውሰደው። ሌላ ቦታ እንዳትሄድ።

ቸርኬ
የጠየቀው ምን ልግዛ ነው እንጂ ማን ይለጥፍልኝ አይደለም።

ዓባይ ማዶ 07
እሳቸው የለጠፉት አይበሳም እያልኩህ ነው።

ቸርኬ
የለጠፉት ቦታ አይበሳ ይሆናል። የቀረው ሁለት ሜትር ጎማስ?

ዘንባባ ሥር
ፈሳሹን በሩቁ!! ሱቁን አልጠራም። ሰውየው ምንም ሳይጠይቅ ግማሽ ጠርሙስ ገለበጠበት። ቫልቩ ተደፈነ፤ ነፋስ አይገባ አይወጣ። ቀዳዳው ደግሞ እንደተከፈተ ቀረ። ብሬን ስጠይቅ «አንዴ ከተከፈተ አይመለስም»። ይህ ነገር ዘረፋ ነው።

ፔዳ በር
ቸርኬም ያዝጋል ይላሉ።

ዘንባባ ሥር
ያዝጋል እንጂ! ያ ሁሉ ውሃ የት ይሄዳል?

ዳንግላ ማርሽ
ወንድማለም፣ ቫልቩ ምን ዓይነት ነበር?

ዘንባባ ሥር
ቫልቭ ያው ቫልቭ ነው። ነቱ ሲፈታ መሃሉ ሙሉ ለሙሉ ተመዞ የሚወጣው፣ ጫፉ ላይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ የለበሰው።

ዳንግላ ማርሽ
እንግዲያው ታወቀ። ይሄ ዳንሎፕ ነው፣ የድሮዎቹ ባለ 28 ሳይክሎች ቫልቭ። ነፋሱ የሚያልፈው ያችን ላስቲክ ከብረቱ ላይ ገፋ አድርጎ ነው። ፈሳሹ ውስጥ ቃጫና የጎማ ፍርፋሪ አለ፤ ያ ሥሯ ሲገባ ወይ ትጣበቃለች ወይ ገጥማ አትዘጋም። ፈሳሽ የሚመቸው መሃሉ በቁልፍ ተፈትቶ ለሚወጣው ለመኪናው ዓይነት ነው። በነገራችን ላይ ቀዳዳው በየት በኩል ነበር? በመርገጫው፣ ማለት መሬት በሚነካው ጎን፣ ወይስ በቸርኬው?

ዘንባባ ሥር
በቸርኬው በኩል። ቀዳዳ አይደለም እንዴ፣ ምን ለውጥ አለው?

ዳንግላ ማርሽ
ብዙ። ጎማው ሲሽከረከር ፈሳሹ ወደ ውጭ፣ ወደ መርገጫው ይገፋል። በቸርኬው በኩል ያለው የካላማዳሪያው ጎን ደረቅ ነው የሚቀረው። እዚያ የሚበሳው ደግሞ እሾህ አይደለም፤ የሽቦ ጫፍ አፍጥጦ ነው፣ ወይም ሽቦዎቹን የሚሸፍነው ጨርቅ ተንሸራቶ። መድኃኒቱ የቸርኬውን ጨርቅ መቀየርና አፍጥጦ የወጣውን ሽቦ በሞረድ ማስተካከል ነው። ፈሳሽ ብትጨምርበትም ባትጨምርበትም ነገ እዚያው ቦታ ይበሳል።

ዘንባባ ሥር
ስለዚህ ጥፋቱ የኔ ነው በለኛ።

ዳንግላ ማርሽ
የሻጩ ነው። ቫልቩን አይቶ «ላንተ አይሆንም» ማለት ነበረበት። ዝገቱ ግን የካላማዳሪያ ፈሳሽ ጉዳይ አይደለም፤ ካላማዳሪያው ካልተቀደደ ፈሳሹ ብረቱን አይነካም።

ዓባይ ማዶ 07
ሽበታሙ ጎሚስታ ጋ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ሾርኔ
መፍትሔውን ልንገራችሁ፦ ጎማውን በሙገር ስሚንቶ ሙሉት። አይበሳም፣ አይተነፍስም፣ ሌባም አይወስደው። ወገብ ለሚተርፈው ሰው ይበጃል።

ቸርኬ
ሾርኔ ቀለደ እንጂ ድፍኑ ጎማ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ኮረኮንቹን የሚውጥለት ነፋስ ስለሌለ ምቱ በቀጥታ ወደ ሽቦዎቹ ይሄዳል፤ መጀመሪያ የሚበጠሱት የኋላ ሽቦዎች ናቸው። ልኩ በትንሹ ከሰፋ ደግሞ መታጠፊያ ላይ ከቸርኬው ይወጣል። ከጠበበ ለማስገባት ሁለት ሰውና ሦስት ፌሮ ይፈልጋል። ለግቢ ውስጥ ለልጆች ሳይክል ይሁን፤ ለመሸንቲ መንገድ አልመክርም።

ሞጣ በር
ይቅርታ ካቋረጥኩ፤ ባጃጅ ላይ ያለ ካላማዳሪያ የሚሠራ ጎማ ይገጠማል?

ፔዳ በር
ለባጃጁ አላውቅም፤ ግን የባጃጅ አሮጌ ካላማዳሪያ ቆርጦ የሳይክል ጎማ ውስጥ መደረብ ምርጥ ነው። ወፍራም ነው።

ዳንግላ ማርሽ
የባጃጅ ቸርኬ 8 ኢንች ነው። ለ26 አንዱ አይደርስም፤ ሁለቱን ስትቀጥል ሁለት መጋጠሚያ ይኖርሃል፣ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ደግሞ ካላማዳሪያ ይበላል። ከሞተር ከሆነ የ18 ኢንቹን ውሰድ፤ ሳብ ሲደረግ ይዞራል። የሞጣው ወንድማችን፣ አንተ ጥያቄህን ባጃጅ ነጂዎቹ ጋ ብታወጣው ይሻላል፤ እዚህ ሳይክል ነው።

እንጅባራ ጉም
ጠያቂው ዝም አለ እንጂ ጥያቄው ጥሩ ነበር። ልመልስ፤ ረዘም ይላል።

ከመግዛትህ በፊት የሚበሳህን ነገር እወቅ። ኩርንችት አጭር ነው፤ ተራ ንጣፍም ወፍራም ካላማዳሪያም ይመክተዋል። የደረቀ የግራር እሾህ ግን አራት አምስት ሳንቲም ይሆናል፤ ቀጥ ብሎ ከገባ 4 ሚሊሜትር ላስቲክ አያቆመውም። ቆንጥር ጥምዝ ስለሆነ ሱሪ ይቀዳል እንጂ ጎማ የሚበሳው አልፎ አልፎ ነው። ገበሬው አዝመራውን ሊያጥር የግራር ቅርንጫፍ ሲጎትት መንገዱን አቋርጦ ከሆነ፣ የዚያን ሰሞን ሳይክልህን በትከሻህ አሻግር፤ ሌላ ዘዴ የለውም። በአስፋልቱ ዳር ያለው ጠላት ሌላ ነው፦ ከፈነዳ የከባድ መኪና ጎማ የሚረግፍ ቀጭን ሽቦ። ፀጉር ያክላል፣ በዓይን አይታይም። አዲስ ካላማዳሪያ ገብቶ በማግስቱ የሚተነፍሰው አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ሳይነቀል ስለቀረ ነው። በጣትህ አትፈልገው፤ ጥጥ ወይም አሮጌ ካልሲ በጎማው ውስጥ ዙሪያውን ጎትት፣ የሚይዝበት ቦታ ላይ ታገኘዋለህ። በፒንሳ ወደ ውስጥ ነቅለህ አውጣ።

አንድ ልማድ ልጨምር። ጎማውን ስትገጥም የጎኑ ጽሑፍ ሁልጊዜ ከቫልቩ ትይዩ ይሁን። ካላማዳሪያው ላይ ቀዳዳውን ስታገኝ ከቫልቩ ያለውን ርቀት ለክተህ ጎማው ላይ የበሳውን በቀጥታ ታገኛለህ።

ንጣፍ። የፕላስቲኩ ችግር ጫፉ ነው። ሁለቱ ጫፎች የሚደራረቡበት ቦታ ካላማዳሪያውን እያሸ ይበላዋል፤ «ንጣፉ ራሱ በሳብኝ» የሚባለው ይሄ ነው። ጫፎቹን በመቀስ አክብብ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልስ፣ ላዩን በጨርቅ ፕላስተር ሸፍን። እኔ ግን የማስበልጠው ከአሮጌ ካላማዳሪያ የሚሠራውን ነው። ያው 26 የሆነ፣ ያልተበጣጠሰ ካላማዳሪያ ያዝ። ተሻግረህ እንዳትቆርጠው። ቫልቩ ባለበት በውስጠኛው ጎን በኩል ዙሪያውን ሰንጥቀው፣ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሳንቲም ከነቫልቩ ቆርጠህ ጣል። የሚቀርህ ምንም መጋጠሚያ የሌለው ቀለበት ነው። እጠበው፣ ይድረቅ፣ ሁለቱንም ገጽ የሕፃን ፓውደር ቀባው። ከጎማው ውስጥ መሃል ለመሃል አስተኛው፣ ከላዩ ካላማዳሪያውን በጥቂቱ ነፍተህ አስገባ። ካላማዳሪያው ምንም ነፋስ ሳይኖረው ከገባ ንጣፉ ይጣመማል፤ ሲጣመም ደግሞ የእጥፉ ቦታ ይበሳል። ኩርንችቱንና የጠርሙስ ስባሪውን ይችላል።

ወፍራም ካላማዳሪያ። እውነተኛው በመርገጫው በኩል 4 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ተራው 1 ሚሊሜትር አይሞላም። ሱቅ ውስጥ በሁለት ጣትህ ቆንጥጠህ መርገጫውንና የውስጡን ጎን አወዳድር። ልዩነት ካልተሰማህ «ወፍራም» የሚለው ካርቶኑ ላይ ብቻ ነው። ክብደቱ የሚሰማህ ዳገት ላይ ነው፤ መሸንቲ ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነ ግድ የለም።

ፈሳሽ። ቫልቭህ የመኪና ዓይነት ስለሆነ ላንተ ይሠራል። ለአንድ 26 ጎማ 120 ሚሊሊትር ያህል ይበቃል፤ ግማሽ ጠርሙስ፣ ሙሉ ጠርሙስ የሚባለው ጠርሙሱ ስንት እንደሚይዝ ሳይታይ ነው። ነፋሱን አውጣ፣ መሃሉን በቁልፉ ፍታ፣ ቫልቩን ወደ ጎን አዙረህ ጨምር፣ መልሰህ እሰር፣ ነፋስ ሙላና ጎማውን አሽከርክር። ከዚያ በኋላ ነፋስ ስትሞላ ቫልቩን ታች አታድርገው፤ ፈሳሹ እዚያ ይጠራቀምና ይደፍነዋል። እስከ 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይዘጋል፣ ከዚያ በላይ ያንጠባጥባል። በኋላ ልለጥፈው ብትል ቀዳዳው ዙሪያ እርጥብ ስለሆነ ማስቲሹ አይዝም፤ በሳሙና ታጥቦ መድረቅ አለበት።

ሁሉንም ከንቱ የሚያደርገው የነፋስ ማነስ ነው። ካላማዳሪያው ላይ ጎን ለጎን ሁለት ስንጥቅ ካየህ እሾህ አይደለም፤ ጎማው ላልቶ ድንጋይ ሲመታ በቸርኬውና በድንጋዩ መሃል ተቆንጥጦ ነው። ለ1.95 ጎማ፣ ሰውየው 70 ኪሎ ያህል ከሆነ፣ በነፋስ መለኪያው የፊት 45 የኋላ 50 ፒኤስአይ፤ መለኪያው በባር ከሆነ 3.1ና 3.4 መሆኑ ነው። ከኋላ ጭነት ካለ አምስት ጨምር፣ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ጣሪያ ግን አትለፍ። በየሳምንቱ ለካ፤ ያልተበሳ ካላማዳሪያም ቀስ እያለ ይተነፍሳል። ማደያ ላይ ስትሞላ በአጭር በአጭሩ አድርገው፤ የሳይክል ጎማ ትንሽ ነው፣ አንድ ረጅም ነፋስ ያፈነዳዋል።

ስለዚህ ለዚህ መንገድ፦ የአሮጌ ካላማዳሪያ ንጣፍ፣ በላዩ ተራ ካላማዳሪያ ከነፈሳሹ። የግራር እሾህ ንጣፉን አልፎ ቢገባ ፈሳሹ ይቀበለዋል።

ደጀን ቁልቁለት
ነፋሱ ላይ አንድ ነገር ተረሳ። ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወጣ ሰው ነፋስ መቀነስ አለበት። ደጋ ላይ ይፈነዳል።

ቸርኬ
ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ፣ ደብረ ማርቆስ 2,450 አካባቢ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው የአየር ግፊት ልዩነት አንድ ፒኤስአይ አይሞላም። ደጋው ቀዝቃዛ ስለሆነ እንዲያውም ይቀንሳል። የሚያፈነዳህ ጢም ብሎ የተሞላ ጎማ ፀሐይ ላይ ማቆም ነው፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር 50 የነበረው ወደ 52 ይጠጋል፣ ጥቁር ጎማ ደግሞ ከአየሩ በላይ ይግላል።

ደጀን ቁልቁለት
የምናውቀውን እናውቃለን።

ፔዳ በር
እንጅባራ ጉም፣ አንተ ራስህ እዚያ ሁሉ ግራር መሃል እንዴት ትነዳለህ? ከፋግታ እስከ እንጅባራ ጫካ ብቻ ነው።

እንጅባራ ጉም
ያ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ ነው። የግራር ዘመድ ቢሆንም እሾህ የለውም። እዚህ የሚበሳን የአጥር ሚስማርና ቀጋ ነው።

የመሸንቲ መንገደኛ
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ፦ ጎማው ጎን ላይ 50-559 ይላል። ካላማዳሪያ ስገዛ ይሄን ነው የማሳየው?

ዳንግላ ማርሽ
አዎ። «26» ብለህ ብቻ አትጠይቅ። 26 በ1.95 የቸርኬ ልኩ 559 ሚሊሜትር ነው፤ 26 በ1⅜ ግን 590። በነጥብና በክፍልፋይ የተጻፈው አንድ አይደለም።

ሾርኔ
ከስሚንቶው ጋር ለማመሳከር 559 ስንት ኩንታል ይሆናል?

ዓባይ ማዶ 07
ሽበታሙ ሰውዬ ቁጥር ሳያዩ በዓይናቸው ይለያሉ።

ቸርኬ
ውጭ አገር ዘመድ ያለው ካለ ሽዋልቤ ማራቶን ፕላስ የሚባለውን ጎማ ያስመጣ። ከመርገጫው ሥር 5 ሚሊሜትር የላስቲክ ንጣፍ አብሮት ተሠርቶ ነው የሚመጣው፤ ተጨማሪ ንጣፍ አይፈልግም። ከባድ ነው፣ ጎኑ ደረቅ ስለሆነ መግጠሙም ያስለቅሳል። የኬቭላር፣ የጠንካራ ክር ሽፋን ያለው የሚባለው ሌላ ነው፤ ለጠርሙስ ስባሪ ጥሩ ነው፣ ለቀጭን እሾህ ግን ሽመና ስለሆነ በክሮቹ መሃል ያልፋል።

ዘንባባ ሥር
ለማስመጣትም ያው ሻጩ አጭበርባሪ ከሆነ ምን ዋጋ አለው። ብሬ አልተመለሰም።

የቢቸና ልጅ
ሰላም፤ እኔ የያዝኩት የአባቴን ባለ 28 ሳይክል ነው። ጎማው ጎን ላይ 28 በ1½ ይላል። ሱቁ «28 ነው» ብሎ የሰጠኝ አዲስ ጎማ አንዱ ጎን ሲገባ ሌላው ይወጣል፣ ቢታገሉትም አይቀመጥም። ንጣፍ ብጨምርበት ይስተካከላል?

ዳንግላ ማርሽ
አይስተካከልም፣ እህትዓለም። የድሮው 28 በ1½ ቸርኬ 635 ነው፤ የሰጡሽ የዘመኑ 28 ሳይሆን አይቀርም፣ ያ 622 ነው። በ13 ሚሊሜትር ስለሚያንስ ጠርዙ ቸርኬው ላይ አያርፍም፣ በፌሮ ብታስገድጅው የጠርዙ ሽቦ ይበጠሳል። የአዲሱን ጎን ተመልከቺ፤ 40-635 የሚል ካልሆነ ሳይቆሽሽ ዛሬውኑ መልሽው።