ሎጎዬ ከ5 ሰከንድ በኋላ ይጠፋብኛል፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ነው ያለሁት፤ ሰርግና በዓል እቀርጻለሁ። ጥር 11 ፋሲለደስ መዋኛ የቀረጽኩትን ጥምቀት ቲክቶክ ላይ ለቀቅኩት። በማግስቱ አንዱ የራሱ አስመስሎ ለጥፎታል። አንጀቴ አረረ።

አሁን እንዳይሰርቁኝ ብዬ ፕሪሚየር ፕሮ (የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም) ላይ ሎጎዬን ቪዲዮዎቼ ውስጥ ላስገባ እየታገልኩ ነው። መጀመሪያ የምስሉ ፋይል ጄፔግ ስለነበር ነጭ ሳጥን ይዞ መጣ፤ ነጩን አጥፍቼ ፒኤንጂ አድርጌ ሳስቀምጠው ተስተካከለ። ኦፓሲቲውንም (የድምቀቱን መጠን) 40 በመቶ አድርጌዋለሁ። ግን ከ5 ሰከንድ በኋላ ድርግም! ጫፉን ጎትቼ ማስረዘም እችላለሁ፤ ግን 30 ቪዲዮ ነው ያለኝ፣ ስጎትት ልከርም ነው?

ኤክስፖርት ሲደረግ (ያለቀው ቪዲዮ ሲወጣ) ሎጎው ሁሉም ላይ በአንዴ የሚያርፍበት መንገድ ካለ የቱ ጋ ነው? ደግሞ ጥግ ላይ ሳስቀምጠው ቆርጠው ይጥሉታል፤ መሀል ላይ ላድርገው ብል ታቦቱን ይጋርዳል። እናንተ የት ታደርጉታላችሁ?